ቅጠል ይዤ ለተነሣሁበት ፎቶ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የነባሩ መንገድ ውብ ጉዞ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ
አዳማ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለዚያች ጥቁር መስታወት ላላት ነጭ መኪናዎ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት? በውቡ ጉዞ ምርቃት ዕለት ድልድያችን አፋፍ ላይ ያለው ጉድጓድ መኪናዎን አንሥቶ ሲያፈርጠው በዓይኔ ስላየሁ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ወገብዎ ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም። ጉድጓዱ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው፤ እርስዎ ከሄዱ ወዲህ እንዲያውም ትንሽ ሰፋ ብሏል።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ወይዘሮ ዘርፉ እባላለሁ። ከባቱ ወደ አርሲ ነገሌ በሚወስደው ነባር አስፋልት ላይ፣ ቡልቡላ ወንዝ ዳር፣ ጨፌ ድልድይ በምትባል መንደር ዓሣ እየጠበስኩ የምኖር ባልቴት ነኝ። ስሜን ባያውቁትም መልኬን ያውቁታል። ድልድያችን ጫፍ ላይ ባቆሙት ትልቅ ሰሌዳ ከክቡርነትዎ ክርን ሥር የምትታየው ሴት እኔ ነኝ፤ በጽሕፈት ቤትዎ ካላንደር ላይም የመስከረም ወር እኔ ነኝ።

መንገዳችንን ውብ ብለው ስለሰየሙልን እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። አዲሱ የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ የሚቸኩለው ሁሉ ወደዚያ ሄዶ፣ ለእኛ የቀረልን የማይቸኩል ሰውና ከመንደር መንደር የሚያመላልስ ሹፌር ብቻ ነበር። በዚህ ጊዜ ነው ክቡርነትዎ ከአዳማ ተነሥተው፣ ነባሩ መንገድ የከተማ ሰው ዝግ ብሎ እየነዳ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ውብ ጉዞ ይሁን ያሉት። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው፣ ሽሙጡ ገና ወደ ታች ነው። ከአዳማ የወጣ ሰው ሞጆ ላይ በከባድ መኪኖቹ ሰልፍ መሀል ተሹለክልኮ፣ ለቆዳው ሽታ መስኮቱን ዘግቶ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ፣ ቆቃ ላይ ውኃው በግራው ተዘርግቶ ይቀበለዋል። መቂ ሲደርስ ቲማቲሙና ሽንኩርቱ መንገድ ዳር ተቆልሎ ያገኘዋል። ባቱ ሐይቅ ዳር እነዚያ አባ ኮዳ የሚባሉ መላጣ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ ሲሻሙ አይቶ ይስቃል። ከዚያ ቡልቡላ ወንዝ ነው፣ ከዚያ እኛ ነን፣ ከእኛ በኋላ የአርሲ ነገሌ የእህል ገበያ፣ መጨረሻውም ሻሸመኔ። እኔ ራሴ በዚህ መንገድ ሙሽራ ሆኜ ከአዳማ በአውቶቡስ ስመጣ፣ ሚዜዎቼ እየዘፈኑ እኔ ግን በመስኮት አሻግሬ ሳይ፣ የማላውቀው አገር ቶሎ እንዳያልቅብኝ ስመኝ ነበር። ስለዚህ ውበቱን ከክቡርነትዎ ጽሕፈት ቤት አልሰማሁትም።

ሆኖም ውበቱ በመመሪያ ከተደነገገ ወዲህ ጥቂት ነገሮች ስላጋጠሙን፣ ክቡርነትዎን ለማድከም ሳይሆን ምስጋናችን ሙሉ ይሆን ዘንድ በቁጥር ለይቼ ላቅርብ።

አንደኛ። ስለ ሰሌዳው።

ከድልድዩ ጫፍ፣ መኪና ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ የሚቆምባት አንዲት ጠፍጣፋ ቦታ ነበረችን። ወንዙ እስከ መታጠፊያው ድረስ የሚታየው ከእሷ ብቻ ነው። ባለሙያዎችዎ መጥተው፣ ወንዙ አምሮ የሚታየው ከዚህ ነው ሲሉ በሙያዊ ዓይን ወሰኑ፤ ወስነውም እዚያችው ቦታ ላይ የወንዙ ፎቶ ያለበትን ትልቅ የቆርቆሮ ሰሌዳ ተከሉ። በዚህም ምክንያት ከዚያ ቦታ ወንዙ አይታይም። ፎቶው ግን ክረምት ከበጋ ይታያል፤ እንደ እውነተኛው ወንዝ የወተት ሻይ አይመስልም፤ ሰማያዊ ነው። ከፊት ለፊቱ ክቡርነትዎ ሱፍ ለብሰው ወንዙን በጣትዎ ያመለክታሉ። ጣትዎም አልተሳሳተም፤ ወንዙ በትክክል እዚያ፣ ከሰሌዳው በስተጀርባ ነው። እንግዶች ይመጣሉ፣ ከመኪናቸው ሳይወርዱ ሰሌዳውን ፎቶ ያነሣሉ፣ ይሄዳሉ። ለመውረድማ ቢፈልጉስ የት ይቆማሉ? መቆሚያዋ ላይ የሰሌዳው ምሰሶዎች ቆመውባታል።

ሁለተኛ። ስለ ዓሣው።

ቆሮሶ ዓሣችንን በገመድ አንጠልጥለን መንገድ ዳር መስቀላችን ዕይታ እንደሚያውክ ተነግሮን፣ እውነተኛውን ዓሣ ወደ ጓዳ አስገብተን በምትኩ በቀለም የተቀባ የእንጨት ዓሣ እንድንሰቅል ከጽሕፈት ቤትዎ ተላከልን። ሰቅለናል። ባለፈው አንድ ጨዋ እንግዳ እኔ ዘንድ ገብቶ፣ የጠበስኩትን ቀምሶ ትቶ፣ የእንጨቱን ገዝቶ ሄደ። በዚህ ቅር አላለኝም፤ ሌላ ይላክልኝ።

ሦስተኛ። ስለ ቅጠሉ።

ይህን በተመለከተ አንድ የመንደራችንን ወግ አስቀድሜ ላስረዳዎት ይፍቀዱልኝ። በምርቃቱ ዕለት ላስረዳዎት ሞክሬ ነበር፤ መኪናዎ ውስጥ ስለነበሩ አልተመቸንም።

በሌላው አገር መኪና የተበላሸበት ሹፌር ቅጠል ቆርጦ አስፋልት ላይ እንደሚጥል ያውቃሉ፤ ከኋላው ለሚመጣው ተጠንቀቅ ማለቱ ነው። በእኛ መንደር ቅጠሉ መሬት አይጣልም፤ ሰው ይይዘዋል። ምጥ የጠናባት ሴት ወይም ድንገት የወደቀ ሰው ሲኖር፣ ከድልድዩ አጠገብ ካለው ሾላ ለምለም ቅርንጫፍ እንቆርጣለን፣ በሽተኛውን ከነአልጋው ተሸክመን እናወጣለን፣ ቅርንጫፉን ከራሳችን በላይ ከፍ አድርገን መንገድ ዳር እንቆማለን። ይህም ‹ቅጠል ወጣ› ይባላል። ቅጠል ያየ ሹፌር ይቆማል። አውቶቡስም ቢሆን፣ አይሱዙም ቢሆን፣ አሸዋ የጫነ ሲኖ ትራክም ቢሆን ይቆማል፤ ለምን አይልም፣ ሒሳብ አይልም፣ ጭነቱን አስጠግቶ ባቱ ሆስፒታል በር ድረስ ያደርሳል። ማን እንደጀመረው አናውቅም። አዲስ ሹፌር ወደዚህ መስመር ሲገባ፣ ነባሮቹ ከሁሉ በፊት የሚነግሩት ይህንኑ ነው። እኔም ልጄን እንቁን በሰላም የተገላገልኩት፣ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ቅጠል ይዞ ወጥቶ፣ የለስላሳ ጠርሙስ የጫነ መኪና ቆሞልኝ ነው። ጠርሙሱ እንደ እኔ ሲጮህ ነበር።

ለዚህ ነው በመንደራችን በቅጠል የማይቀለደው። ልጅ እንኳ ለጨዋታ ቅርንጫፍ ይዞ አስፋልት ዳር ከተገኘ፣ የማን ልጅ ነው ሳይባል በመጀመሪያ ያየው ጎረቤት ጆሮውን ይቆነጥጠዋል።

አሁን ወደ ምርቃቱ ዕለት ልመለስ። የጎረቤቴ የመሪማ ምራት ፋዲላ ከማለዳ ጀምሮ ምጥ ላይ ነበረች። ጤና ኬላ ያለችው ልጅ መርምራ፣ ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ ቶሎ ሆስፒታል ድረሱ አለችን። አምቡላንስ ብንጠራ ለምርቃቱ አጀብ ተመድቧል ተባልን። ስለዚህ ቅጠል አወጣን። እኔ ቅርንጫፉን ይዤ ከፊት ቆምኩ፤ መሪማ ከኋላዬ የምራቷን እጅ ይዛለች፤ አቶ ማናሴና ጎረምሶቹ አልጋውን ከበዋል። አቶ ማናሴ ማለት፣ ይህ አስፋልት ሲነጠፍ ጠጠር የደለደሉ፣ ከዚያ ወዲህ ከመንገዱ ዳር ያልራቁ የመንደራችን ሽማግሌ ናቸው።

በዚህ ጊዜ ከባቱ በኩል የክቡርነትዎ አጀብ ብቅ አለ። አልዋሽዎትም፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ይህን ሁሉ መኪና እግዚአብሔር ለአንዲት ፋዲላ ላከ አልኩ፤ ያውም አምቡላንሱን ጨምሮ። ቅርንጫፉን እያወዛወዝኩ፣ «ቁሙ! ቁሙልን! ሴት ልትሞትብን ነው!» እያልኩ ጮህኩ። መሪማ፣ «ያ ረቢ! የሰው ያለህ!» ትላለች። መኪናዎ ዝግ አለ። መስታወቱ ወረደ። ክቡርነትዎም እጅዎን አውጥተው በፈገግታ አውለበለቡልን።

ከኋላዎ የነበረው መኪናም አውለበለበ። የእሱም ተከታይ አውለበለበ። ካሜራ የያዘው ባለሙያዎ በመኪና ጣሪያ ብቅ ብሎ ከግራም ከቀኝም ቀረጸን። አምቡላንሱ ሳይረኑን እያሰማ በአጀቡ መጨረሻ አለፈ፤ ሹፌሩ የአካባቢያችን ልጅ ስለሆነ ወጉን ያውቃል፣ ሲያልፍ ዓይኑን ከእኛ ላይ አንሥቶ መሪው ላይ ጣለው። ከሰልፍ መውጣት አይችልም ነበርና በእሱ አልፈርድም። ቀጥሎ ጉድጓዱ ተቀበላችሁ፤ በዚያ ቀን በመንደራችን ለክቡርነትዎ አቋሙን ያሳወቀ እሱ ብቻ ነው።

ፋዲላን ያተረፋት፣ አጀባችሁ እስኪያልፍ መንገድ ተዘግቶበት የቆየ ፈሪድ የሚባል የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ሻሸመኔ ይሄድ ነበር። ቅጠሉን ሲያይ መኪናውን እዚያው አዞረ። ፋዲላ በሽንኩርት ጆንያ ላይ ተኝታ ባቱ ደረሰች፤ ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ስሙንም ፈሪድ አሉት። የክቡርነትዎን ስም ልናወጣለት በቻልን ነበር፤ ግን ስላልቆሙ ስምዎን ለመጠየቅ አልቻልንም።

ከዚህ በኋላ ሰሌዳው መጣ። ከክርንዎ ሥር እኔ ቅጠል ይዤ አለሁ፤ ከሥሬ በደማቅ ቀለም «ፈገግታ የማይለያቸው እንግዳ ተቀባይ ነዋሪዎች» ተብሎ ተጽፏል። ክቡር ሆይ፣ ያ ፈገግታ አይደለም። አፌ የተከፈተው ቁሙ ስል ነው። ጥርሴ በመታየቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባለሙያዎችዎ አልጋውንና ፋዲላን ከፎቶው ቆርጠው አውጥተዋቸዋል፤ ለዕይታ አይመቹም ነበርና ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከጀርባዬ፣ ከፎቶው ጠርዝ ላይ አንድ እጅ ተርፏል። የመሪማ እጅ ነው። መሪማ በዚያ ባለፈች ቁጥር እጇን ታየዋለች፤ የምራቷን እጅ እንደያዘ የቀረ ይመስላታል። አንድ ቀን በዚህ በኩል ጉዳይ ሲያጋጥምዎ እጇን ቢመልሱላት ደስ ይላታል።

አራተኛ። ስለ ቅዳሜና እሑድ።

በምርቃቱ ዕለት የተቀረጸው ፊልም በበላይ አካል ዘንድ ስለተወደደ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ ነዋሪው በተራ በተራ ነጭ ቲሸርት ለብሶ፣ ቅጠል ይዞ መንገድ ዳር እየቆመ እንግዳ እንዲቀበል በቀበሌው በኩል መመሪያ ወረደ። ለዚህ በተጠራው ስብሰባ ላይ አቶ ማናሴ ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ ቅጠሉን ለጭብጨባ ካወጣነው፣ ለጭንቅ ቀን ምን እናወጣለን?» አሉ። ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣው ባለሙያ አባባላቸውን አድንቆ ጻፈውና፣ ጥያቄው ከዕለቱ አጀንዳ ውጭ መሆኑን በትሕትና አስረዳ።

ስለዚህ ቆምን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሹፌሮቹ እንደ ልማዳቸው ፍሬን እየያዙ ዘለው ይወርዱ ነበር፤ የታመመው የት ነው? ማን ነው? ይሉናል። እኛም መሬት መሬቱን እያየን፣ የለም፣ እንግዳ እየተቀበልን ነው እንላቸዋለን። ሆራ የሚባል፣ ድንጋይ የሚያመላልስ የሲኖ ትራክ ሹፌር ከነጭነቱ ዳገቱ ወገብ ላይ ቆሞልን ምክንያቱን ሲሰማ፣ ከላይ እስከ ታች አየንና፣ «ከእንግዲህ ቅጠሉን ብትበሉትም አልቆምላችሁም» ብሎን ሄደ። እውነቱን ነው። አንድ በአንድ ሁሉም መቆም ተዉ። መጀመሪያ ፍጥነት መቀነስ ተዉ፣ ቀጥሎ ጡሩምባ እየነፉ ማለፍ ጀመሩ፣ በመጨረሻም እንደ ክቡርነትዎ እጃቸውን ማውለብለብ ለመዱ። ስንትና ስንት ዘመን የቆየ ወግ በዚህ ፍጥነት መቀየር መቻሉ የጽሕፈት ቤትዎን የማስፈጸም አቅም ያሳያል።

አምስተኛ። ስለ አቶ ማናሴ።

ይህንን የምጽፈው ተነሥቼ ዓሣ ገለብጬ ተመልሼ ነው። አቶ ማናሴ ከቤቴ ደጅ ባለው አግዳሚ ተቀምጠው መኪና ሰላም ማለት የሁልጊዜ ሥራቸው ነበር። አማርኛ ለሚያውቀው በአማርኛ፣ ኦሮምኛ ለሚያውቀው «አካም ጅርታ»፣ ሻሸመኔ ለሚኖሩት ባለ ረጃጅም ጸጉሮች ደግሞ እሳቸው እንግሊዝኛ ነው በሚሉት ቋንቋ ይጣራሉ። ነገሩ የደረሰበት ቀን ቅዳሜ አልነበረም፣ እሑድም አልነበረም፤ ተራ የሥራ ቀን ነው። የያዙት ብርጭቆ ከእጃቸው ወደቀ። ቀጥለው እሳቸው ወደቁ።

ቅጠል ይዤ ወጣሁ። ክቡር ሆይ፣ የመጀመሪያው መኪና ጡሩምባ ነፋልኝ። ሁለተኛው አውለበለበልኝ። ሰርገኛ የጫነ ሚኒባስ ጭብጨባውን አድምቆልኝ አለፈ። ከዚያ አንዲት የቤት መኪና ዝግ ስትልልኝ ተመስገን ብዬ ሮጥኩ፤ በመስኮት ስልክ ወጣ፣ «ሲያምሩ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ፎቶዬ ተነሣ፣ መኪናዋ ሄደች። ቅርንጫፉን እንደያዝኩ እስክደክም ተከተልኳት። ከኋላ ለሚያየኝ እየጨፈርኩ ሳልመስል አልቀረሁም። ፈሪድ ቢኖር በቆመልን ነበር፤ ግን እሱ ከአዲሱ መንገድ ገብቶ ከቀረ ቆይቷል። አምቡላንሱ ጎማ እየተቀየረለት ነበር። በመጨረሻ አቶ ማናሴን ባጃጅ ውስጥ አጣጥፈን፣ እግራቸው በአንድ በኩል ወጥቶ፣ ጉድጓድ ለጉድጓድ ባቱ አደረስናቸው። ሐኪሙ ሲያያቸው፣ ምነው ቀደም ብላችሁ በነበር ብቻ ነው ያለን።

እዚህ ላይ ትሕትናዬ አልቆብኛልና ጥቂት መስመር ይታገሡኝ። ተናድጃለሁ። ሰውየው ነፍሳቸው ተርፋለች፤ ግን ቀኝ ጎናቸው አይታዘዛቸውም፣ ምላሳቸው ተሳስሯል። ያ ሁሉ ሰላምታ ደረታቸው ውስጥ ታስሮ ቀርቷል። አሁንም አግዳሚው ላይ እናስቀምጣቸዋለን፤ መኪና ሲያልፍ ግራ እጃቸውን ያነሣሉ፤ የሚያልፈውም ሰላም ያሉት መስሎት ያውለበልባል። እኔ ግን ምን ሊሉ እንደፈለጉ አውቃለሁ። ሰው ለምኖ እምቢ ቢባል ይከፋዋል፤ ሲለምን እንደ ጨፈረ ተቆጥሮ ቢታለፍ ግን ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ክቡርነትዎ የተማሩ ነዎትና ስሙን ቢያገኙለት ይጻፉልኝ።

ትሕትናዬ ተመልሷል።

ስድስተኛ። በጽሕፈት ቤትዎ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ።

ይህንኑ በቃል ላስረዳ አዳማ ድረስ መጥቼ ነበር። ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። የስብሰባው ርዕስ የመንገድ ዳር ነዋሪን ድምፅ ስለማዳመጥ መሆኑን በሩ ላይ ከተለጠፈው አንብቤ ላለማወክ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጸሐፊዎ ሶሲ፣ እግዜር ያክብራትና፣ ገና ስታየኝ «ውይ፣ የሰሌዳዋ እማማ!» ብላ አቀፈችኝ፤ ሌሎቹንም ጠርታ ከእኔ ጋር ፎቶ ተነሡ። ሻይ ጋበዘችኝ። የመጣሁበትን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ፤ እውነት ለመናገር ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያም ቅሬታ የሚስተናገደው በጽሑፍ ሲሆን ብቻ እንደሆነ አስረድታ፣ ‹የቅጠል አቀባበል› በሚል ስም ወጋችን በቅርስነት እንዲመዘገብ መጠየቁን አበሠረችኝና ካላንደሩን ሰጥታ ሸኘችኝ። ካላንደሩ ጥሩ ወረቀት ነው። መስከረምን ገልጬ ከምጣዱ በላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ዘይት ሲፈናጠቅ የሚያርፈው እኔው ላይ ነው።

ሰባተኛ። ስለ ልጄ።

ልጄ እንቁ የምትኖረው አዳማ ከባሏ ጋር ነው። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ፣ እንደ ወጋችን ወደ እኔ መጥታለች። አሁን ወሯ ገብቷል። ባቱ ያዩዋት ሐኪም ሕፃኑ አግድም እንደተኛ፣ ምጥ እንደጀመራት ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ እንዳለባት አስጠንቅቀውናል። እዚያው እንዳትቆይ የእናቶች ማረፊያው ሞልቷል፤ ሲለቀቅ እንጠራችኋለን ብለውናል። እንቁ ደጅ ተቀምጣ ሆዷን እያሻሸች መኪና ሲያልፍ ታያለች። እሷ በቅጠል የተወለደች ልጅ ነች፤ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስነግራት አድጋለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «እማዬ፣ እኔ ሲመጣብኝ ይቆማሉ?» አለችኝ። ዓሣው ሊያርብኝ ነው ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ምጣዱ ላይ ዓሣ አልነበረም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ጥቂት ነው። ቅጠላችንን ይመልሱልን። ቅዳሜና እሑድ መቆማችን ይቅር። ሰሌዳው ከመቆሚያዋ ላይ ይነሣና መኪና ሊቆም የወደደ ይቁምባት፤ ወንዙም በዚያው ይታያል። ከሁሉ በላይ ክቡርነትዎ በሚወጡበት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጨፌ ድልድይ ቅጠል የያዘ ሰው ያየ እንዲቆም ይናገሩልን። ሹፌሩ እኛን ማመን ትቷል፤ እርስዎን ግን እስካሁን የሚያምን አይጠፋም።

የሚሰጡኝን መልስ በዚያው በውቡ መንገድ ላይ ዓይኔን ተክዬ እየጠበቅሁ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመኪናዎ ጠንካራ ባሌስትራ፣ ለቤተሰብዎ ደግሞ በጭንቅ ቀን የሚቆም ሰው እመኛለሁ።

ከክርንዎ ሥር፣ አፏን ከፍታ የምትታየው
አክባሪዎ ዘርፉ
ጨፌ ድልድይ

ግልባጭ፦
ለነባሩ መንገድ ሹፌሮች በሙሉ
ለሹፌር ሆራ፣ ከይቅርታ ጋር
ለጉድጓዱ፣ ባለበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ የተነሣው ነፋስ ሰሌዳዎን ከነምሰሶው ገንድሶ ጣለው። ክቡርነትዎ መሬት ላይ ወድቀው እንዳይቀሩ ጎረምሶቹ በክብር አንሥተው ቤቴ ግድግዳ ላይ አስደግፈውዎታል፤ መሪማም አቧራዎን ጠርጋለች። ተመካክረንም አንድ ነገር ወስነናል። የእንቁ ምጥ ሲጀምር ቅጠል አንቆርጥም። ሰሌዳውን ተሸክመን እናወጣና፣ ቀጥ ባለው ቦታ፣ ከሩቅ በሚታይበት፣ ፊትዎን ወደ ሰማይ አድርገን አስፋልቱ ላይ እናጋድመዋለን። እኔን አልፎ መሄድ ሹፌሩ ሁሉ ለምዶታል፤ በክቡርነትዎ ፊት ላይ ጎማ ለማሳረፍ የሚደፍር ግን በዚህ መስመር እስካሁን አልተወለደም። ምናልባት በዚያን ቀን የሚደርሰው መኪና የእርስዎ ከሆነ፣ እባክዎ እጅዎን አያውለብልቡ፤ የኋላውን በር ይክፈቱ።